ሰው አፍንጫውን ይዞ ከሚያልፈው ሥራ የተማርነው



ስለ ሥራ ፈጠራ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ቡቲክ፣ ስለ ሞባይል መሸጫና ስለ ኦንላይን ንግድ ነው። እኛ ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ሽንት ቤት መምጠጥ ነው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ደሴ ውስጥ በዚህ ሥራ የምንተዳደር ቤተሰብ ነን፦ አባታችን፣ እናታችን፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ ደብተሩን የምትይዘው እህታችን እና ጂዳ ሆና ድርሻዋን ያስገባችው ታላቅ እህታችን። በአንድ አሮጌ መኪና ጀምረን ዛሬ በሁለት መኪና እየሠራን ከቤተሰቡ ውጪም አራት ልጆች አብረውን እንጀራ ይበላሉ። አልሐምዱሊላህ።

ይህን የምንጽፈው ግን ስለ መኪናዎቹ ለማውራት አይደለም። እዚህ ያደረሰን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ከአላህ ቀጥሎ የሦስት ሰዎች ምክር ነው። ስማቸው እንዲነሳ አይፈልጉምና ስም አንጠራም። ያስተማሩን ነገር ግን ለብዙ ወጣት ስለሚጠቅም ለእናንተ ማድረስ አደራ ሆኖብናል።

▪️ በመጀመሪያ ሥራው ራሱ

አብዛኞቹ የአገራችን ከተሞች የፍሳሽ መስመር የላቸውም። ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ የሚወርድ መስመር ያላት አዲስ አበባ እንኳ መስመሩ ሁሉንም ቤት አያዳርስም። ስለዚህ ቤቱም፣ ሆቴሉም፣ ትምህርት ቤቱም፣ መስጂዱም የየራሱ ጉድጓድ አለው። ሲሞላ ቦቴ መኪና ይጠራል። መኪናው ላይ ያለው ፓምፕ የታንከሩን አየር ስቦ ያወጣል፤ ታንከሩ ውስጥ አየር ሲሳሳ የውጭው አየር ፍሳሹን በቱቦው ውስጥ ገፍቶ ወደ ታንከሩ ያስገባዋል። አንድ ሙሉ ጉዞ በእኛ ቋንቋ «ቢያጆ» ይባላል፤ ዋጋውም የሚቆረጠው በቢያጆ ነው።

አባታችን ዕድሜውን የቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ ነው ያሳለፈው። የተደፈነ ቱቦ በሽቦ ሲከፍት፣ ማንሆል ሲጠርግ አድገንበታል። ደንበኞቹ በየጊዜው «መስመሩንስ ከፈትክልን፤ ጉድጓዱ ግን ሞልቷል፤ ምን እናድርግ?» ይሉት ነበር። በ2009 ዓ.ም. ያገለገለ አይሱዙ ለመግዛት ያሰብነው ከዚህ ተነስተን ነው።

ሰፈሩ ምን እንዳለ መገመት አያቅታችሁም። አንዷ እህታችን ለጋብቻ ስትጠየቅ የጠያቂው ቤተሰብ «የሽንት ቤቶቹ ልጅ ናት እንዴ?» ብሎ ነገሩን ትቶታል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አገራችን ውስጥ ሸማኔውም፣ ቀጥቃጩም፣ ፋቂውም፣ ሸክላ ሠሪዋም በእጃቸው ስለሠሩ ሲናቁ ኖረዋል። የሚገርመው የናቃቸው ሰው ጋቢያቸውን ለብሶ፣ በድስታቸው የበሰለ ወጥ እየበላ መሆኑ ነው።

▪️ ሐጂ፦ «መኪናው የማን ነው?»

የመጀመሪያው መካሪያችን ፒያሳ ለረጅም ዓመታት ጨርቅ የነገዱ፣ የአባታችን የመስጂድ ጓደኛ ናቸው። ሐጂ እንበላቸው። መኪናውን ከመግዛታችን በፊት ዱዓ ሊያደርጉልን ቤታቸው ሄድን። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዝም ብለው ሰምተውን ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«መኪናው የማን ነው?»

አባታችን «የሁላችንም ነው ሐጂ» አላቸው።

«ወንድሜ፣ ‹የሁላችንም› የሚባል ንብረት አንተ በሕይወት እስካለህ ድረስ የሁላችሁም ነው። አንተ ስትሞት የጠብ ይሆናል። ጻፉት።»

እዚያው ወረቀት ወጣ። እናታችን ልትሸጠው ያዘጋጀችው ወርቅ በዕለቱ ዋጋ ተተምኖ በስሟ ተጻፈ። የአባታችን ቁጠባ በስሙ ተጻፈ። ጂዳ ያለችው እህታችን ጋር ሲደረስ ሐጂ ብዕሩን አስቀመጡና «ይህ ገንዘብ ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ ድርሻ? እሷ ትናገር እንጂ እናንተ አትናገሩላት» አሉ። ያን ምሽት ደወልንላት። ለአፍታ ዝም አለችና እንዲህ አለችን፦ «አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች ስንት ዓመት ወደ ቤት ሲልኩ አይቻለሁ። ምን ብለን እንመዝግብልሽ የተባለች ግን አላየሁም። ድርሻ አድርጉልኝ።»

በቁርኣን ውስጥ ካሉት አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የሚናገረው ብድርን ስለ መጻፍና ስለ ምስክር መሆኑን ስንቶቻችን አስበነዋል? ከወንድም ጋር ሲሠሩ መጻፍ እንደ አለመተማመን ይቆጠራል። ሐጂ ያስተማሩን ግን ወንድማማችነቱ ሳይበላሽ እንዲቆይ የሚጻፍ መሆኑን ነው።

ሁለተኛው ትምህርታቸው የሁለት ኪስ ሕግ ነው። የመኪናው ኪስና የቤቱ ኪስ አይገናኙም። አባታችንን ጨምሮ የሚሠራ ሁሉ ደመወዝ አለው፤ ትርፍ የሚከፈለው በየ6 ወሩ በድርሻ ልክ ነው። ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለበዓል ገንዘብ ሲያስፈልግ እያንዳንዱ ከራሱ ደመወዝ ያወጣል እንጂ ከመኪናው ኪስ አይነካም። ሦስተኛው የዘካ ቀን ነው። በዓመት አንድ ቀን ወስነን በእጅ ያለውን ጥሬ ገንዘብ፣ ይከፈለናል ብለን የምንጠብቀውን ዕዳና ያለብንን ዕዳ አንድ በአንድ እንቆጥራለን። መኪናውና ፓምፑ የሥራ ዕቃ ስለሆኑ ዘካ አይወጣባቸውም። ይህ ቀን ዒባዳ ነው፤ በዚያው ላይ በዓመት አንዴ ድርጅቱ የቆመበትን የምናውቅበት ቀን ሆኖልናል።

▪️ ጋሽ ኢንጂነር፦ ተራራውና ጋዙ

ሁለተኛው መካሪያችን በውሃ ሥራ ላይ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። ክርስቲያን ናቸው፤ በረመዷን ግን የኛን ቤት የመግሪብ ሰዓት ከኛ በላይ ያውቁታል። አንድ ቀን አጥራቸውን ተደግፈው ፓምፑን ስንሞክር አዩንና «ይህ መኪና ኮምቦልቻ ላይ የሚሠራውን ያህል ደሴ ላይ አይሠራም፤ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሳሹን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ክብደት ነው። ባሕር ጠለል ላይ አየር ውሃን እስከ 10 ሜትር ገደማ ሊገፋ ይችላል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች፣ ፓምፑ ምንም ቢጠነክር፣ በስሌት እንኳ ከ7.6 ሜትር ብዙም አያልፍም። ፍሳሹ ወፍራም ሲሆን፣ ቱቦው ሲረዝም ከዚህም ያንሳል። የኛ ከተማ ደግሞ ጦሳ ሥር የተቀመጠች፣ ዳገትና ቁልቁለቷ የበዛ፣ መኪና የማይገባባቸው ቀጫጭን መንገዶች ያሏት ናት።

ስለዚህ ጋሽ ኢንጂነር ሥራ ከመቀበላችን በፊት ቦታውን ሄደን እንድናይ አስለመዱን። ጉድጓዱ ስንት ሜትር ጥልቀት አለው? መኪናው የት ይቆማል? ከጉድጓዱ አፍ ከፍ ብሎ ነው ወይስ ዝቅ ብሎ? የቱቦውን ጫፍ ሁልጊዜ ፍሳሹ ውስጥ አስጥሞ ከመያዝ በየመሃሉ ብቅ እያደረጉ አየር ማስገባት እንደሚያግዝ፣ የደረቀውን ውሃ ጨምሮ ማቅጠን እንደሚያስፈልግ ያሳዩን እሳቸው ናቸው። ጨርቅ፣ ፌስታልና ዳይፐር የሚጣልበት ጉድጓድ ደግሞ ቱቦ ይዘጋልና በቅድሚያ በሜንጦ ይለቀማል።

ከሁሉም በላይ ግን የሕይወት ትምህርት ሰጡን። ጉድጓድ ውስጥ የሚፈጠረው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለው ጋዝ በትንሹ ሲሆን የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን የማሽተት አቅምን ያደነዝዛል፤ ሰውየው «ሽታው ጠፋ» ብሎ ደስ ሲለው ጋዙ ሊገድለው ደርሷል ማለት ነው። ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። አንዱ ገብቶ ሲወድቅ ወንድሙ ሊያወጣው ይገባል፤ እሱም ይወድቃል። ሜቴን የተባለው ሌላው ጋዝ ደግሞ በትንሽ እሳት ይቀጣጠላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው በር ላይ የተጻፉ ሦስት ሕጎች አሉን፦

1. ክዳኑ ተከፍቶ ሳይናፈስ ሥራ አይጀመርም፤ እሳት አይቀርብም።
2. ማንም ሰው፣ ደንበኛው ምንም ያህል ብር ቢጨምር፣ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። የወደቀ ዕቃ ካለ ይቅር።
3. ሰው ቢወድቅ ተከትሎ የሚገባ የለም። ገመድ ይወረወራል፤ እርዳታ ይጠራል።

ሦስተኛው ሕግ በጣም ከባድ ነው። ሁለታችን ወንድማማቾች ነን፤ አንዳችን ብንወድቅ ሌላችን እንዳይገባ ነው ቃል የገባነው። አባታችን ይህን ቃል ሲያስገባን ፊቱን አዙሮ ነበር።

▪️ የሒሳብ ባለሙያዋ፦ «መኪናው ደመወዙን ይጠይቃል»

ሦስተኛዋ መካሪያችን የእህታችን የቀድሞ አስተማሪ ናት። ሒሳብ ሠርታ ለነጋዴዎች ታዘጋጃለች። ደብተራችንን አየችና «የነዳጅ አለ፣ የሰው ደመወዝ አለ። የመኪናው ደመወዝ የታለ?» አለች።

በምሳሌ አስረዳችን። አንድ መኪና በ3 ሚሊዮን ብር ተገዝቶ 10 ዓመት ያገለግላል እንበል። በዓመት 300 ሺህ፣ በወር 25 ሺህ ብር እያለቀ ነው ማለት ነው። በወር 50 ቢያጆ ቢሠራ በእያንዳንዱ ቢያጆ ላይ 500 ብር የመኪናው ነው። ይህን 500 ብር እንደ ትርፍ ቆጥሮ የሚበላ ሰው የሚበላው መኪናውን ነው፤ ከ10 ዓመት በኋላ ብረት ብቻ ይቀረዋል። ዋጋ ቆርጠው «ከኛ በታች ማንም የለም» የሚሉ ብዙ መኪኖች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎማቸው ተንፍሶ ግቢ ውስጥ ቆመው የሚታዩት ለዚህ ነው።

በእሷ ምክር ይህ ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ይቀመጣል። ከእሱም ላይ ቶሎ የሚያልቁትን የፓምፕ ቬኖች፣ ቱቦና ጎማ አስቀድመን መግዛት ለመድን። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቆ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ የመለዋወጫ ዋጋ እንዴት እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ መጋዘናችን ውስጥ የነበሩት ቱቦዎች ከብር ይልቅ ጠቅመውናል።

ደረሰኝ፣ ንግድ ፈቃድና ግብርም የእሷ ትምህርት ነው። ሆቴልና ትምህርት ቤት ከግለሰብ ቤት የሚለየው ያለ ደረሰኝ አለመክፈሉ ነው። ሴፕቲክ ታንክ እንደ አጠቃቀሙ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ መጠጣት አለበት፤ ሰው ግን እስኪገነፍል ይጠብቃል። እህታችን የየደንበኛውን ቀን መዝግባ ሳይገነፍል በፊት ትደውላለች። ከሥራችን ትልቁ ክፍል ዛሬ የሚመጣው ከዚያ መዝገብ ነው።

▪️ ቦርከና

እስካሁን የነገርናችሁ ቀላሉን ነው። ከባዱ ይህ ነው።

ማዘጋጃ ቤት የፈቀደው ማስወገጃ ቦታ ሩቅ ነው፤ ነዳጅ ይፈጃል፤ ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ነው። አንድ ሌላ መኪና ከኛ በጣም ባነሰ ዋጋ መሥራት ጀመረ። ምሥጢሩን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀም፦ ማታ ማታ ወንዝ ዳር ሄዶ ይለቀዋል። ቦርከና ከኛ ከተማ ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ከሚሴ ይዘልቃል፤ ታች ያለው ገበሬ አትክልቱን ያጠጣበታል፤ ከብቱ ይጠጣል። ያ ሰላጣና ቲማቲም ተመልሶ ገበያችን ይመጣል።

ደንበኞች ሸሹ። ሳምንቱን ሙሉ ሁለት ስልክ ብቻ የተደወለበት ጊዜ ነበር። ታናሹ ወንድማችን «እኛ ሐላል እያልን ስንራብ እሱ መኪና ሊጨምር ነው» ብሎ ተቆጣ። ንዴቱ ትክክል ነበር፤ የሚያነሳው ጥያቄም ቀላል አልነበረም። የሠራተኞች ደመወዝ ነበረብን።

ሦስቱንም መካሪዎች አንድ ላይ ጠርተን አማከርን። ሐጂ በመንገድ ላይ፣ በጥላ ሥርና በውሃ ዳር መጸዳዳት በሃይማኖታችን የተከለከለ መሆኑን ከመድረሳ ጀምሮ እንደምናውቅ አስታወሱን፤ «አንድ ሰው የራሱን እንኳ ከተከለከለ፣ የሺህ ሰውን ጭኖ ወስዶ የሚደፋው ምን ይባላል?» አሉ። ጋሽ ኢንጂነር ኮሌራና ተቅማጥ በዚህ መንገድ እንደሚመጡ አስረዱ። ባለሙያዋ ግን «ልክ ናችሁ፤ ልክ መሆን ብቻውን ደመወዝ አይከፍልም። ደንበኛው ልዩነቱን በዓይኑ ይይ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ይህን ነው። እያንዳንዱ ቢያጆ ማስወገጃ ቦታው ላይ መድረሱን የሚያሳይ ወረቀት በቀንና በሰዓት እናስፈርማለን፤ ቅጂውን ለደንበኛው እንሰጣለን። ወደ መስጂድ ኮሚቴዎች፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሰበካ፣ ወደ ትምህርት ቤቶች ሄደን «የናንተ ቆሻሻ የት እንደሚሄድ ጠይቁ» አልናቸው። ስለዚያ መኪና ክፉ አልተናገርንም። ጥያቄው ብቻውን በቂ ነበር። ወራት ፈጅቷል። መጀመሪያ የተመለሱት መስጂዶቹ ናቸው፤ ጁሙዓና ረመዷን ላይ የውዱእ ቦታና ሽንት ቤት ሲሞላ ምን እንደሚመስል የሚያውቁ ኮሚቴዎች። ቀጥለው ሆቴሎች መጡ። ከሸሹት ያልተመለሱም አሉ፤ ሪዝቃችን አልነበሩም።

▪️ ጦርነቱና ሁለተኛው መኪና

በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ ነበር። ብዙ ሰው ከንብረት የሚበልጥ ነገር አጥቷልና ስለኛ ብዙ አናወራም። ከስደት ስንመለስ የመኪናው ባትሪና ቱቦዎች አልነበሩም። ሐጂ ራሳቸው ተጎድተው ሳለ በቀርደል ሐሰን ገንዘብ ሰጡን፤ ያንንም አስጻፉን። ከወለድ ነፃ የሆነ ብድር ማለት የማይመለስ ብድር ማለት አይደለም። በቀጠሮው መለስን።

ሥራው ሲያገግም አንድ መኪና አልበቃ አለ፤ ኮምቦልቻ ያሉ ደንበኞችም ሐረጎን ወርደን እንድንሠራ ይጠይቁን ጀመር። እዚህ ላይ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። ወጣቶቹ መኪና እንጨምር አልን። አባታችን «የአንዱን በረካ አትንኩ» አለ። በወለድ መበደርን ማናችንም አላነሳንም። በ2013 ዘምዘም ባንክ፣ ቀጥሎም ሂጅራ ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው ሥራ ጀምረዋል፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። ሙራበሓ በሚባለው መንገድ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ የገዛበትንና የጨመረውን ትርፍ ነግሮህ በየወሩ በምትከፍለው ይሸጥልሃል። አንዴ የተቆረጠ ዋጋ አይጨምርም። ርካሽ ግን አይደለም፤ ቅድሚያ ክፍያና መያዣም ይጠየቃል።

መካሪዎቹ አልፈረዱልንም። ባለሙያዋ አንድ ፈተና ሰጠችን፦ «የሁለተኛውን መኪና የወር ክፍያ ያህል ብር መኪናው ሳይመጣ በፊት ለ8 ወር በየወሩ አስቀምጡ። ከቻላችሁ መክፈል ትችላላችሁ። ካልቻላችሁ አባታችሁ ልክ ነው።» ፈተናው አባታችንንም ወጣቶቹንም ያከበረ ነበር። ስምንቱም ወር ተቀመጠ። ያ ገንዘብ ራሱ የቅድሚያ ክፍያው አካል ሆነ። ውሉን የፈረመው አባታችን ነው፤ በ2015 ሁለተኛው መኪና ግቢያችን ገባ።

▪️ መካሪ ለምትፈልጉ ወጣቶች

ብዙዎች «መካሪ የለንም» ይላሉ። ከተማው በመካሪ የተሞላ ነው፤ ጠያቂው ነው ያነሰው። ከልምዳችን ይህን እንላለን።

ገንዘብ ፈልጋችሁ አትሂዱ፤ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። «ምከሩኝ» ከማለት «ይህን ዋጋ እንዲህ ቆርጫለሁ፤ ምን ይጎድለዋል?» ማለት ይሻላል። ደብተራችሁን ይዛችሁ ቅረቡ፤ ደብተር የሌለውን ማንም ሊመክረው አይችልም። የተመከራችሁትን ሠርታችሁ ውጤቱን ተመልሳችሁ ንገሩ፤ ሽማግሌን ከገንዘብ በላይ የሚያስደስተው ይህ ነው። ከአንድ ሰው ብቻ አትማሩ፤ ሐጂ ስለ ጋዝ አያውቁም፣ ጋሽ ኢንጂነር ስለ ዘካ አያውቁም። ከእምነታችሁ ውጪ ካለ ጎረቤትም ተማሩ፤ የኛን ሕይወት የጠበቀው ምክር የመጣው ከዚያ ነው። ውሳኔው ግን የናንተው ነው፤ መካሪ መንገድ ያሳያል እንጂ ተሸክሞ አያሻግርም።

ስለ ሥራው ንቀት ለምትጠይቁን ደግሞ፦ ግቢያችን ውስጥ ሻወር አለ፤ ጓንት፣ ቦት ጫማና ቱታ አለ፤ ለሶላት የተለየ ንጹሕ ልብስ አለ። ሠራተኞቻችን የቲታነስና የጉበት በሽታ ክትባት ይወስዳሉ። ነጃሳ በውሃ ይለቃል። የሰው ሐቅ ግን በውሃ አይለቅም።

አሁን አንድ ወጣት ከኮምቦልቻ በየሳምንቱ እየመጣ ከኛ ጋር ይሠራል፤ የራሱን መኪና ሊገዛ ያስባል። ነገ ተወዳዳሪያችን ይሆናል። ሐጂን «እናስተምረው ወይ?» ብለን ስንጠይቃቸው «እኔ ስንት አስከፈልኳችሁ?» አሉን። ስለዚህ እናስተምረዋለን። ቀድመን የምናስተምረውም ሦስቱን የጉድጓድ ሕጎች ነው።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን። ያስተማሩንን ሁሉ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አሚን።

ይጠቅመዋል ለምትሉት ወጣት ሼር አድርጉለት። ወሰላሙ ዐለይኩም።